የንግድ ቤት ስም ወደ ሌላ ሰርቨር ሲመራ፤ የስሕተቱ አመጣጥና አስተራረሙ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶች ቃል ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም፤ ለንግድ ቤትም ስሙ ከዕቃውና ከገንዘቡ የማያንስ ሀብቱ ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ይህ ስም በሰሌዳና በደብዳቤ ራስጌ ላይ ብቻ የሚጻፍ ሳይሆን፤ ዶሜን በሚባለው የድረ ገጽ ስም በኢንተርኔት ላይም ተመዝግቦ ይገኛል። በሐምቡርግ ወይም በጅዳ ያለ ገዢ፤ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን የአዲስ አበባ ነጋዴ ለመመርመር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚከፍተው ይህንኑ ነው። ስሙ የማይገባውን ገጽ ካሳየው፤ ነጋዴው ምንም ያህል የታመነ ቢሆን ገዢው ይጠራጠራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ይታሰብ። ይህ ድርጅት ድረ ገጹን ለብዙ ዓመታት በአንድ አከራይ ሰርቨር ላይ አኑሮ ከሠራ በኋላ፤ ኪራዩ ስለ ተወደደበት ወደ ሌላ አከራይ ሊዛወር ቈረጠ። ባለሙያው አዲሱን ገጽ ሠርቶ ጨረሰ፤ ሥራ አስኪያጁም በቢሮው ኮምፒዩተር ከፍቶ ተመልክቶ ተደሰተ፤ የቀድሞውም ኪራይ እንዲቋረጥ አዘዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ናሙና የተላከለት የውጭ አገር ገዢ በኢሜይል እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ስማችሁን ስከፍት ኮምፒዩተሬ ያስጠነቅቀኛል፤ ማስጠንቀቂያውን አልፌ ስገባ ደግሞ የማላውቀው ሆቴል ገጽ ይወጣል። ባንኬ ኤል.ሲ. ከመክፈቱ በፊት ነገሩ እንዲብራራልኝ እፈልጋለሁ።» ሥራ አስኪያጁ ወዲያው የድርጅቱን ስም በቢሮው ኮምፒዩተር ከፈተው፤ ገጹ ግን የራሱ ገጽ ነው። ገዢው የሚያየውን እርሱ አያይም፤ እርሱ የሚያየውን ገዢው አያይም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እንዴትስ ይታረማል? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የስሙን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስምና ቍጥር

በኢንተርኔት ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በስም ሳይሆን በቍጥር ነው። አይፒ አድራሻ የሚባለው ይህ ቍጥር በተለመደው አጻጻፉ አራት ክፍል ሲኖረው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል፤ ለምሳሌ 192.0.2.10 ተብሎ ይጻፋል። ሰው ግን ቍጥር ከመያዝ ይልቅ ስም መያዝ ስለሚቀለው ለቍጥሩ ስም ወጣለት።

በመጀመሪያው ዘመን የስሞቹና የቍጥሮቹ ዝርዝር በአንድ ፋይል ተጽፎ በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር፤ እያንዳንዱም ኮምፒዩተር ከዚያ ቀድቶ ይይዝ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ እየበዙ በሄዱ ጊዜ ይህ አሠራር አላዋጣ ስላለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ዲኤንኤስ የሚባለውን የስም ሥርዐት አወጣ። በዚህም ሥርዐት ዝርዝሩ በአንድ ቦታ መከማቸቱ ቀርቶ፤ እያንዳንዱ የስም ባለቤት የራሱን ክፍል በራሱ መዝገብ እንዲያስይዝ ተደረገ። የጥንቱ ፋይል ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ «ሆስትስ» በሚባል ስም እስከ ዛሬ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገኛል፤ ኮምፒዩተሩም ወደ ውጭ ወጥቶ ከመጠየቁ በፊት እንደ ደንቡ በቅድሚያ የሚመለከተው እርሱን ነው። ይህ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልግ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የስምና የቍጥር ግንኙነት ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቍጥር ሲላክለት ኖሯልና። አንድ ንግድ ቤት የፖስታ ሣጥኑን ለውጦ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለውን የቀድሞ ቍጥር ሳያርም ቢቀር፤ ደብዳቤው ሁሉ ወደ ቀድሞው ሣጥን መሄዱን አያቋርጥም፤ ሣጥኑን ሌላ ሰው ተከራይቶት እንደ ሆነ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። ፖስታ ቤቱ አላጠፋም፤ አዲሱም ሣጥን አልተበላሸም፤ የተሳሳተው ጽሕፈቱ ብቻ ነው። ዶሜን ወደ ሌላ ሰርቨር መራ የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ይህን በመሰለ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መዝገቦች

ገዢው ስሙን ሲጽፍ ጥያቄው በሦስት መዝገቦች ውስጥ ያልፋል።

1ኛ፤ የስም መዝጋቢው መዝገብ። በነጥብ ኮም የሚያልቁ ስሞች የሚመዘገቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን የሚባለው ድርጅት በፈቀደላቸው መዝጋቢዎች ዘንድ ነው፤ በነጥብ ኢቲ የሚያልቁትን የኢትዮጵያ ስሞች የሚያስተዳድረው ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ይህ መዝገብ የድረ ገጹን ቍጥር አይናገርም፤ «የዚህን ስም ዝርዝር የሚያውቀው እገሌ የሚባለው ኔም ሰርቨር ነው፤ እርሱን ጠይቅ» ብሎ ይመራል እንጂ።

2ኛ፤ የኔም ሰርቨሩ መዝገብ። ዋናው ዝርዝር የሚገኘው በዚህ ነው። «ኤ ሬኮርድ» የሚባለው መሥመር የድረ ገጹን ሰርቨር ቍጥር ይናገራል፤ «ኳድ ኤ» የሚባለው የአዲሱን ዐይነት ረጅም አድራሻ ይናገራል፤ «ኤምኤክስ» የሚባለው ደግሞ ኢሜይል ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚደርስ ያመለክታል። የድረ ገጹና የኢሜይሉ መሥመር የተለያዩ ስለ ሆኑ፤ ድረ ገጹ ተሳስቶ ሳለ ኢሜይሉ ደኅና ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። የቡና ላኪው ገዢ ገጹን ባያገኝም ደብዳቤው ሊደርስለት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ፤ የሰርቨሩ የራሱ መዝገብ። አንድ ሰርቨር በአንድ ቍጥር የብዙ ደንበኞችን ድረ ገጽ ሊያስተናግድ ይችላል፤ ስለዚህ በየትኛው ስም ለመጣ ጠያቂ የትኛውን ገጽ እንደሚሰጥ በራሱ ዘንድ ተጽፎ መገኘት አለበት። ስሙ ያልተጻፈለት እንደ ሆነ በመጀመሪያ የተቀመጠውን የሌላ ደንበኛ ገጽ ያወጣል፤ ወይም የአከራዩን ማስታወቂያ ያሳያል።

ከእነዚህ ሌላ በመንገድ ላይ የሚያዙ ቅጂዎች አሉ። የኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር አንድ ጊዜ ጠይቆ ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ያቆያል፤ የቢሮው ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ያደርጋል። ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ዋናውን መዝገብ ተመልሶ አይጠይቅም።

ስሕተቱ የቱ መዝገብ ላይ እንዳለ ስለ መለየት

ሒሳብ የማይገጥምበት ጸሓፊ መዝገቡን ሁሉ ቀድዶ እንደ አዲስ አይጽፍም፤ ያልገጠመውን ገጽ ፈልጎ ያርማል እንጂ። በዚህም ሥራ ከሁሉ የከፋው ስሕተት፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ሳያውቁ ሦስቱንም መዝገብ ባንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ምልክቱን መመልከት ይገባል።

በቢሮው ኮምፒዩተር ትክክለኛው ገጽ ወጥቶ በውጭ ላሉት ሌላ ገጽ የሚወጣ እንደ ሆነ፤ የቢሮው ኮምፒዩተር ብቻውን የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። በቢሮው መስመር ሌላ፤ በሞባይል ኢንተርኔት ሌላ የሚታይ ሲሆን፤ ከሁለቱ አንዱ ያረጀ ቅጂ መያዙን ያመለክታል። ሦስት ደብሊው ከፊቱ ሲጻፍ ደኅና ሆኖ፤ ሳይጻፍ ሲቀር የሚሳሳት ከሆነ፤ ሁለቱ በመዝገቡ ላይ ሁለት መሥመር ስለ ሆኑ አንደኛው ታርሞ ሌላው ተረስቷል። በአንዳንዱ አገር ወይም በአንዳንዱ ስልክ ብቻ የቀድሞው ገጽ እየወጣ ከቆየ፤ ኤ ሬኮርዱ ታርሞ ኳድ ኤው በቀድሞው እንደ ቀረ መጠርጠር ይገባል። ለሁሉም ሰው «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል ማስታወቂያ የሚወጣ ከሆነ ግን፤ አስቀድሞ የዓመቱ ክፍያ መከፈሉን መመርመር ያሻል።

ከዚያ በኋላ ቍጥሩን መጠየቅ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር «ኤንኤስሉክአፕ» የሚባለውን ትእዛዝ ጽፎ ስሙን ማስከተል ይበቃል፤ መልሱ የሰርቨሩ ቍጥር ነው። ይህ ትእዛዝ ጥያቄውን ወደ ስም ሰርቨር ይወስዳል እንጂ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የሆስትስ ፋይል አይመለከትም። ጥያቄው ለሦስት ይቅረብ፤ ለቢሮው ኢንተርኔት አቅራቢ፤ ጉግል ለሕዝብ ለከፈተው 8.8.8.8 ለሚባለው ሰርቨር፤ በመጨረሻም ለራሱ ለኔም ሰርቨሩ። ኔም ሰርቨሩ ትክክለኛውን ቍጥር ሲናገር ሌሎቹ የቀድሞውን የሚናገሩ ከሆነ፤ ሥራው መታገሥ ብቻ ነው። ኔም ሰርቨሩ ራሱ የቀድሞውን የሚናገር ከሆነ፤ መታገሥ ፋይዳ የለውም፤ መሥመሩ መታረም አለበት። ሁሉም ትክክለኛውን ቍጥር እየተናገሩ ገጹ ሌላ ከሆነ ደግሞ፤ ጥፋቱ በሦስተኛው መዝገብ፤ ማለት በሰርቨሩ ላይ ነው።

በቡና ላኪው ቢሮ ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ሦስቱም የመለሱት የቀድሞውን አከራይ ቍጥር ሆኖ ተገኘ። ለካስ ባለሙያው አዲሱን ገጽ ዝውውሩ ሳይፈጸም ለሥራ አስኪያጁ ለማሳየት ብሎ፤ በሥራ አስኪያጁ ኮምፒዩተር የሆስትስ ፋይል ላይ አዲሱን ቍጥር ጽፎ ነበር፤ በኔም ሰርቨሩ መዝገብ ላይ ግን ኤ ሬኮርዱን መለወጥ ዘንግቷል። ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ገጽ ሲያይ፤ የቀረው ዓለም የቀድሞውን ያይ ነበር። ኪራዩ ሲቋረጥ የቀድሞው ቍጥር ለአንድ ሆቴል ተሰጠ፤ ሆቴሉም በራሱ ስም የወጣውን የደኅንነት ሰርቲፊኬት ስለሚያሳይ፤ የገዢው ኮምፒዩተር ስሙ ከሰርቲፊኬቱ ጋር አለመስማማቱን አይቶ አስጠነቀቀው።

አስተራረሙ

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ እርማቱ አጭር ነው።

1ኛ፤ ምንም ነገር ከመንካት በፊት የኔም ሰርቨሩ መዝገብ ሙሉ ዝርዝር፤ እያንዳንዱ መሥመር ሳይቀር፤ ተገልብጦ ይቀመጥ።

2ኛ፤ አዲሱ ሰርቨር በድርጅቱ ስም ለሚመጣ ጠያቂ ትክክለኛውን ገጽ እንደሚሰጥ ይረጋገጥ።

3ኛ፤ ኤ ሬኮርዱ ላይ የቀድሞው ቍጥር ተነሥቶ አዲሱ ይጻፍ፤ ሦስት ደብሊው ያለበትም የሌለበትም ሁለቱም ይታረሙ። የቀድሞውን ቍጥር ሳይሰርዙ አዲሱን መጨመር አይገባም፤ ሁለት ቍጥር የተጻፈ እንደ ሆነ ጠያቂዎች አንዳንዴ ወደ አንዱ፤ አንዳንዴ ወደ ሌላው ይሄዳሉና።

4ኛ፤ ኳድ ኤ ሬኮርድ ካለ ከአዲሱ አከራይ በሚሰጠው አድራሻ ይለወጥ፤ አዲሱ አከራይ እንዲህ ያለ አድራሻ ከሌለው ይሰረዝ።

5ኛ፤ ለአዲሱ ሰርቨር በድርጅቱ ስም ሰርቲፊኬት ይውጣለት።

6ኛ፤ በቢሮው ኮምፒዩተር የሆስትስ ፋይል ላይ የተጻፈው መሥመር ይሰረዝ፤ ካልተሰረዘ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፊትም ደንበኞቹ የሚያዩትን ሳያይ ይኖራልና።

ስለ ጊዜ

በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ቲቲኤል የሚባል፤ ቅጂው ስንት ሰኮንድ ሊያዝ እንደሚችል የሚወስን ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። 3600 ማለት 1 ሰዓት፤ 86400 ማለት 24 ሰዓት ነው። በቡና ላኪው መዝገብ ላይ 86400 ተጽፎ ስለ ነበረ፤ እርማቱ ማክሰኞ በቀትር ቢፈጸም አንዳንድ ገዢዎች እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ የሆቴሉን ገጽ ሊያዩ ይችላሉ።

አስቀድሞ ያሰበ ነጋዴ ግን ይህን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል። ዝውውሩ ሐሙስ እንዲሆን ከታሰበ፤ ማክሰኞ ቲቲኤሉን ወደ 300 ሰኮንድ፤ ማለት ወደ 5 ደቂቃ ማውረድ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ጊዜያቸው አልፎ በአዲሶቹ ስለሚተኩ፤ ሐሙስ የሚደረገው ለውጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለብዙው ሰው ይደርሳል። ቲቲኤሉን በዝውውሩ ዕለት ማውረድ ግን ዋጋ የለውም፤ ቀደም ሲል የተያዘው ቅጂ የሚጠብቀው በቀድሞው ልክ ነው። ኔም ሰርቨሩ ራሱ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ፤ በነጥብ ኮም ስሞች የበላይ መዝገብ ላይ የተወሰነው ጊዜ 172800 ሰኮንድ፤ ማለት 2 ቀን ስለ ሆነ፤ እስከዚያ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የቀድሞውን ሰርቨር ኪራይ በዝውውሩ ዕለት ማቋረጥ የማይገባው። ሁለቱም ሰርቨሮች ጎን ለጎን ጥቂት ቀናት ቢቆዩ፤ የዘገየ ጠያቂ የሚያገኘው የቀድሞውን ገጽ እንጂ የባዕድ ገጽ አይሆንም። የአንድ ወር ኪራይ አንድ ኮንቴይነር ቡና ከሚያስቀር ጥርጣሬ ጋር አይመዛዘንም።

ስለ ኢሜይል

የቡና ላኪው ሥራ አስኪያጅ በደነገጠበት ሰዓት ያሰበው፤ ኔም ሰርቨሩን በጠቅላላው ለውጦ ሁሉን ነገር ወደ አዲሱ አከራይ ማዛወርን ነበር። ይህን ቢያደርግ ኖሮ ከድረ ገጹ የከፋ ጉዳት ያገኘው ነበር። ኔም ሰርቨር ሲለወጥ መዝገቡ በሙሉ ይለወጣል፤ በአዲሱ መዝገብ ላይ የኤምኤክስ መሥመር ያልተገለበጠ እንደ ሆነ፤ እስከዚያ ደኅና የነበረው ኢሜይል መንገዱን ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ተቀባዩ ሰርቨር ጨርሶ መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ፤ ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ እየደጋገመ ይሞክራል፤ በተለመደው ደንብም ከ4 እስከ 5 ቀን ድረስ ይታገሣል። ነገር ግን ሌላ ሰርቨር ተቀብሎ «እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ የለም» ያለው እንደ ሆነ፤ ደብዳቤው ወዲያው ወደ ላኪው ይመለሳል። ገዢው የላከው የውል ረቂቅ «ሰውየው የለም» ተብሎ ሲመለስለት ምን እንደሚያስብ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህም የሚብስ አለ። መዝገቡ በክፉ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ፤ ሰውየው የኤምኤክሱን መሥመር ወደ ራሱ ሰርቨር መልሶ፤ በንግድ ቤቱ ስም ደብዳቤ ሊቀበልና ሊጽፍ፤ በፕሮፎርማ ኢንቮይስ ላይም የራሱን የባንክ ሒሳብ ቍጥር ሊያስገባ ይችላል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሲቪል መሥሪያ ቤቶች የዲኤንኤስ መዝገባቸውን እንዲመረምሩና የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ አስቸኳይ ትእዛዝ ያወጣው ለዚሁ ነው። ስለዚህ የመዝገቡ መግቢያ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ በስልክ በሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠበቅ።

የስሙ ባለቤት ማን ነው?

እርማቱ ሁሉ የሚቻለው መዝገቡን መክፈት ለሚችል ሰው ብቻ ነው። የነጥብ ኮም ስም ክፍያ ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሬ ስለ ሆነ፤ አንዳንድ ነጋዴ ስሙን በውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ያስከፍላል፤ አንዳንዱም ገጹን ለሠራው ባለሙያ ይተዋል። በዚህ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ባለቤት ሆኖ የሚጻፈው ነጋዴው ሳይሆን የከፈለው ሰው ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ሥራ ቢለውጥ ወይም ዘመዱ ኢሜይሉን ቢቀይር፤ ነጋዴው የገዛ ስሙን ለማረም የሌላ ሰው ደጅ ይጠናል። ክፍያውን ማንም ይክፈለው ማን፤ የባለቤቱ ስምና ኢሜይል የድርጅቱ ሆኖ መጻፍ አለበት። ኢሜይሉም በዚያው ስም የሚያልቅ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ ስሙ ሲሳሳት ማስታወቂያውም አብሮ ይጠፋልና።

የክፍያውንም ቀን መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 በፈረንጆች ገና ዋዜማ፤ ማይክሮሶፍት የሚያህል ኩባንያ የአንዱን ስሙን 35 ዶላር ክፍያ ዘንግቶ ሳለ፤ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ወደ ደብዳቤያቸው መግባት ተቸግረው ነበር፤ ገንዘቡንም ከፍሎ ነገሩን ያቃናው የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆነ አንድ ሰው ነው። የነጥብ ኮም ስም ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው በሚወስነው መሠረት እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ስሙ ከተሰረዘ በኋላም በከፍተኛ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለው፤ ከዚያ በ5 ቀን ውስጥ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ንግድ ቤት እንደ ንግድ ፈቃዱ በካዝና ውስጥ ሊያኖረው የሚገባ አንድ ወረቀት አለ። በዚያ ላይ የሚጻፈው፤ ስሙ የተመዘገበበት መዝጋቢ፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ባለቤት፤ ክፍያው የሚያልቅበት ቀን፤ የኔም ሰርቨሮቹ ስም፤ የኤ፤ የኳድ ኤና የኤምኤክስ መሥመሮች፤ የሰርቨር አከራዩ ስልክ፤ እንዲሁም መዝገቡን ለመክፈት የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ነው። ወረቀቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ ይልቁንም የቡናው ግዢ ከመጀመሩ በፊት፤ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር። ሲመሳከርም በቢሮው ኮምፒዩተር ብቻ አይታይ፤ ከቢሮው ውጭ ባለ ስልክና በውጭ አገር ባለ ደንበኛ ዘንድም ይጠየቅ። የቡና ላኪው ድርጅት እርማቱን በፈጸመ በማግሥቱ ለገዢው ምክንያቱን ገልጾ ጽፎ፤ ገጹን እንደ ገና እንዲከፍት ለመነው፤ ገዢውም የከፈተውን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከለት። ሥራ አስኪያጁ ስሙ ወደ ገዛ ቤቱ መመለሱን ያመነው ይህን ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ ነው።